ሰፊው ፍሬም ወርዱን ከየት አመጣው? የዋይድስክሪን ማስታወሻዬ

ቀረጻና ኤዲቲንግ በትርፍ ጊዜያችሁ ለምትማሩ ሁሉ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ሌንስና ብርሃን ላይ ከቆየሁ በኋላ ሰሞኑን የያዘኝ ፍሬሙ ራሱ ነው። የምስሉ ቅርጽ ማለቴ ነው። አንዳንዱ ፊልም ለምን ከላይና ከታች ጥቁር ይዞ ይመጣል? የድሮ ድራማ ለምን ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል? ቪዲዮን "ሲኒማቲክ" ለማስባል ከላይና ከታች ጥቁር መለጠፍ ይበቃል? የመጨረሻውን ከአሁኑ ልመልስላችሁ። አይበቃም።

ሳነብና ስሞክር ከርሜ ሁሉንም ነገር ያቀለለልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሰፊ ምስል ባየሁ ቁጥር "ይህ ወርድ ከየት መጣ?" እላለሁ። መልሱ ከሦስት አይዘልም። ወይ ምስሉ ከላይና ከታች ተቆርጧል። ወይ በሌንስ ተጨምቆ ገብቷል። ወይ ደግሞ ተጨማሪ ፊልም ተሰጥቶታል። ሦስቱም መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ ሊሰጡ ይችላሉ። ዋጋቸው፣ መልካቸውና ጣጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ቁጥሮቹን መልመድ

የፍሬም ቅርጽ የሚነገረው ወርዱን ለቁመቱ በማካፈል ነው። የድሮው ቲቪ 4:3 ነው፤ ሲካፈል 1.33 ይሆናል። ያሁኑ ቲቪ 16:9 ነው፤ 1.78 ማለት ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሁለት ዋና ቅርጾች አሉ። አንዱ 1.85 ሲሆን ባለሙያዎቹ "ፍላት" ይሉታል። ሌላው 2.39 ነው፤ እሱ "ስኮፕ" ነው። በጥቅሉ ከድሮው የሲኒማ ቅርጽ ከ1.37 የሰፋ ሁሉ ዋይድስክሪን ይባላል።

ዋይድስክሪን ከስክሪኑ ትልቅነት ጋር አይገናኝም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ሞባይል ዋይድስክሪን ነው። በ1940ዎቹ (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የነበረው ግድግዳ የሚያክል የሲኒማ ስክሪን ግን አልነበረም።

ዓይኔን ያሠለጠንኩበት መንገድ ቀላል ነው። የምታዩትን ነገር በ1920 በ1080 ፒክስል ስክሪንሾት አንሱ። ጥቁሩን ትታችሁ ምስሉን ብቻ ለኩ። 1920 በ804 አካባቢ ከሆነ ስኮፕ ነው። 1920 በ960 ከሆነ 2 ለ1 ነው። 1440 በ1080 ከሆነ የድሮው 4:3 ነው። አስቸጋሪው 1.85 ነው። ምስሉ 1920 በ1038 ስለሚሆን ከላይና ከታች የሚቀረው ጥቁር በየበኩሉ 21 ፒክስል ብቻ ነው። ልብ ብሎ ላላየ ሰው ሙሉ ስክሪን ይመስላል። ይህን ስትለማመዱ ብዙም ሳትቆዩ ቁጥሩን በዓይን መገመት ትጀምራላችሁ። ከዚያ ፊልም በሰላም አይታይም፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው "እስቲ ዝም በል" እስኪል ድረስ ቁጥር ትጠራላችሁ።

ለምን ሰፋ?

35 ሚሊሜትር ፊልም ግራና ቀኙ ቀዳዳ አለው። ማሽኑ ፊልሙን የሚጎትተው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤዲሰን ዘንድ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን ለአንድ ፍሬም የአራት ቀዳዳ ቁመት ሰጠ። የወጣው ቅርጽ 4:3 ሆነ። ድምፅ ሲመጣ የድምፁ መስመር ከፍሬሙ አንድ ጎን ላይ ቦታ ወሰደ፤ ምስሉም ጠቦ ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ 1.19 ደረሰ። በ1932 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ነገሩን አስተካክሎ 1.37ን መደበኛ አደረገ። ቲቪ ሲመጣም ከሲኒማ ይህንኑ ቅርጽ ወረሰ።

ጦሱ እዚያ ላይ ነው። ሳሎን ያለው ሣጥንና ሲኒማ ቤት ያለው ስክሪን ቅርጻቸው አንድ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች እየቀነሰ፣ ቲቪ ደግሞ እየተስፋፋ ሄደ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በነፃ የሚያየውን ለማየት ለምን ከቤት ይወጣል? ስቱዲዮዎቹ ያ ሣጥን ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ፈለጉ። ቀለም አንዱ ነበር። ወርድ ሌላው።

ሐሳቡ ግን አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው አቤል ጋንስ በ1927 ስለ ናፖሊዮን በሠራው ፊልም መጨረሻ ላይ ሦስት ፕሮጀክተሮችን ጎን ለጎን አሠርቷል። የፎክስ ስቱዲዮም በ1929 እና በ1930 "ግራንደር" የተባለ የ70 ሚሊሜትር ሥርዓት ሞክሯል። ያ ሙከራ የወደቀው በጥራቱ አይመስለኝም። ሲኒማ ቤቶች ለድምፅ መሣሪያ ገንዘባቸውን ገና አፍስሰው ሳይጨርሱ የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣ። በዚያ ሰዓት "አዲስ ፕሮጀክተርና አዲስ ስክሪን ግዙ" ቢባሉ ማን ይሰማል?

ፊልም በመጨመር የመጣ ወርድ

መስከረም 30 ቀን 1952 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲኔራማ ለሕዝብ ቀረበ። ፍሬድ ዎለር የተባለ ሰው የፈጠረው ነው። ሦስት ፊልም በአንድ ላይ ይቀረጻል፤ በሦስት ፕሮጀክተር ወደ ውስጥ በታጠፈ ግዙፍ ስክሪን ላይ ይታያል። የስክሪኑ እቅፍ 146 ዲግሪ ነው። የእያንዳንዱ ፍሬም ቁመት ስድስት ቀዳዳ ሲሆን ፍጥነቱም በሰከንድ 24 ፍሬም መሆኑ ቀርቶ 26 ነበር። ከዚያ በላይ ሰባት ትራክ ድምፅ ነበረው።

ችግሩ የት እንደሆነ ገምታችኋል። ሦስቱ ምስሎች የሚገናኙበት መስመር ይታያል። ሲኔራማ ላይ ታሪክ ያለው ፊልም ሲሠራ መጋጠሚያውን ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ እንዲውል ማድረግ የተለመደ ዘዴ ሆነ። ይህን ሳነብ እኔን የሳበኝ ቴክኒኩ ራሱ ሳይሆን ያስከተለው ነገር ነው። ተዋናዩ የሚቆምበትን ቦታ ታሪኩ ብቻ አይወስንም፤ የፊልሙ ስፌትም ይወስናል።

ሦስቱን ወደ አንድ ያመጣው ሰፋ ያለ ፊልም ነው። በ1955 የመጣው ቶድ ኤኦ የተባለ ሥርዓት በ65 ሚሊሜትር ቀርጾ በ70 ሚሊሜትር ያሳይ ነበር። ልዩነቱ አምስት ሚሊሜትር ለማግኔቲክ ድምፅ የተተወ ቦታ ነው። ቅርጹ 2.20 ነው። በዚህ መንገድ እስከ ጥጉ የሄደው በ1959 የወጣው "ቤን ሀር" ነው፤ በ65 ሚሊሜትር ላይ ቀላል የመጭመቂያ ሌንስ ጨምሮ 2.76 ደረሰ። ይህን በ16:9 ቲቪ ላይ ብታዩት ምስሉ ቀጭን ቀበቶ ይሆናል።

የፓራማውንት ስቱዲዮ ደግሞ በ1954 ቪስታቪዥንን ይዞ መጣ። ይህኛው ሳልወደው የማልቀር ብልሃት ነው። ያንኑ 35 ሚሊሜትር ፊልም ወሰዱና ካሜራው ውስጥ በአግድም አስኬዱት። ፍሬሙ አራት ቀዳዳ ቁመት መያዙ ቀርቶ ስምንት ቀዳዳ ወርድ ያዘ። ፎቶ ካሜራ የምትወዱ ወዲያው ይገባችኋል፤ ዛሬ "ፉል ፍሬም" የምንለው ሴንሰር መጠኑ ከዚያ ፍሬም ጋር ተቀራራቢ ነው። አሠራሩ ፊልም ስለሚበላ ቀስ በቀስ ቀረ። ግን ጨርሶ አልሞተም። በ2024 የወጣው "ዘ ብሩታሊስት" በቪስታቪዥን ካሜራ ነው የተቀረጸው።

በሌንስ ተጨምቆ የገባ ወርድ

ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

አንሪ ክሬቲየን የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ስሙ በቴሌስኮፕ ዓለምም ይታወቃል። ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የተሠራው እሱና አሜሪካዊው ጆርጅ ሪቺ ባወጡት የመስታወት ንድፍ ነው። ክሬቲየን በ1920ዎቹ ሌላም ነገር ሠርቷል። "ኢፐርጎናር" የተባለው ሌንስ ሰፊውን ምስል ከግራና ከቀኝ አጥብቦ ተራ 35 ሚሊሜትር ፍሬም ውስጥ ይከተዋል። ፊልሙን አንስታችሁ ብታዩት ሰዉ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ነው። ሲታይ ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ ያለው ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። ይህ ነው አናሞርፊክ የሚባለው።

ሌንሱ ለብዙ ዓመታት እዚህ ግባ የሚባል ፈላጊ አላገኘም። የሲኔራማ ድምቀት ከታየ በኋላ ፎክስ ፈጥኖ ክሬቲየን ጋ ሄደ። በመስከረም 1953 "ዘ ሮብ" የተባለው ፊልም በሲኒማስኮፕ ወጣ፤ ፎክስ ለአሠራሩ ያወጣው ስም ነው፤ "ስኮፕ" የምንለውም ከዚሁ ነው። ብልሃቱ ገባችሁ? ካሜራው ያው ነው፤ ፊልሙም ያው 35 ነው። ሲኒማ ቤቱም ሦስት ፕሮጀክተር አያስፈልገውም። ሌንስና ሰፊ ስክሪን ካገኘ በቃው። ሲኔራማ የጥቂት ትልልቅ አዳራሾች ብቻ ሆኖ ሲቀር ስኮፕ በየከተማው የገባው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቅርጽ 2.55 ነበር። በኋላ የኦፕቲካል (በብርሃን የሚነበብ) ድምፅ መስመር ቦታ ስለፈለገ 2.35 ሆነ። በ1970 አካባቢ የፊልም መጋጠሚያዎች ስክሪን ላይ እንዳይታዩ ቁመቱ ትንሽ ተቀነሰና 2.39 ላይ ተረጋ። ሰው ግን እስከ ዛሬ በልማድ "2.35" ይላል። አንዳንዱም አጠጋግቶ "2.40" ይለዋል። ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚያወሩት ስለዚያው ስለ 2.39 ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች አንድ አስቂኝ በሽታ ነበረባቸው። ካሜራው ፊት ላይ ሲጠጋ ሌንሱ የሚጨምቀው መጠን ይቀንሳል። ፕሮጀክተሩ ግን ሁልጊዜ በእኩል ይዘረጋል። ውጤቱ የኮከቡ ፊት ከመሃል እያበጠ ይወጣል። በሙያው ውስጥ "ጆሮ ደግፍ" ብለው ይቀልዱበት ነበር። ፓናቪዥን የተባለው የሌንስ ኩባንያ ስሙን የገነባው በዋናነት ይህን በሽታ በማዳኑ ነው። ከዚያ በኋላ ክሎዝአፕ ያለ ስጋት የሚቀረጽ ሆነ።

እኔ የሞከርኩት ሞባይል ላይ የሚለጠፍ 1.33 አናሞርፊክ ነው። የትላልቆቹ ሲኒማ ሌንሶች በሁለት እጥፍ ሲጨምቁ የእኔው በ1.33 ነው። ሒሳቡ ይገጥማል፤ 1.78 በ1.33 ሲባዛ 2.37 ይሆናል። ከስኮፕ ጋር ተቃረበ ማለት ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። መብራት በቀጥታ ሲመታው በአግድም የሚዘረጋው ሰማያዊ ጨረር ወዲያው ይመጣል። መጀመሪያ ያስደስታል፤ ከዚያ ያሰለቻል። በየሾቱ ከመጣ ተመልካች ታሪኩን ትቶ ጨረሩን ነው የሚያየው። ከጀርባ የሚደበዝዙ መብራቶች ወደ እንቁላል ቅርጽ መሄዳቸው ግን በ1.33 ሌንስና በትንሽ የሞባይል ሴንሰር ብዙም አይታይም። ያንን መልክ የሚሰጠው የሁለት እጥፍ ሌንስና ትልቅ ሴንሰር ነው። ጥጋጥጉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አስፈላጊ ነገር ዳር ላይ አታስቀምጡ። ደግሞም ሲቀረጽ ምስሉን ዘርግቶ የሚያሳይ አፕ ከሌላችሁ ሰዉን ሁሉ ቀጭን አድርጋችሁ እያያችሁ ፍሬም ማበጀት በጣም ያስቸግራል።

አንድ ነገር ግን ከጨረሩም ከእንቁላሉም በላይ ገረመኝ። 50 ሚሊሜትር አናሞርፊክ በሁለት እጥፍ ሲጨምቅ ቁመቱን እንደ 50 ያያል፤ ወርዱን ግን እንደ 25። ማለትም ሰፊ ቦታ እያሳያችሁ የረዘም ያለ ሌንስ ባሕርይ ትይዛላችሁ። ጀርባው ቶሎ ይደበዝዛል፤ ቦታው ግን አይጠፋም። ብዙ ሰው "የሲኒማ መልክ" እያለ የሚፈልገው ነገር ትልቁ ክፍል ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥቁር መለጠፍ ይህን አይሰጥም።

ተቆርጦ የመጣ ወርድ

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይቀላል። ፍሬሙን ከላይና ከታች ትሸፍናላችሁ። በ1953 ስቱዲዮዎቹ በእጃቸው ያሉትን በ1.37 የተቀረጹ ፊልሞች ሳይቀር እየሸፈኑ እንደ ሰፊ ማሳየት ጀመሩ። "ሼን" የተባለው ዌስተርን ለ1.37 ተቀርጾ በ1.66 ነው የወጣው። ለዚያ ቅርጽ ያልታሰበ ምስል ነው እንግዲህ የተቆረጠው። በኋላ ግን ካሜራማኑ ከመጀመሪያው መስመሩን እያየ ለ1.85 መቅረጽ ጀመረ፤ ነገሩም ሥርዓት ያዘ። አሜሪካ 1.85ን መረጠች። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ 1.66 ለረጅም ጊዜ ተለመደ።

የቁጠባ ልጅም አለው። ቴክኒስኮፕ በ1960ዎቹ ከጣሊያን የመጣ ሲሆን የፍሬሙን ቁመት ከአራት ቀዳዳ ወደ ሁለት አወረደው። ቅርጹ ያለ ምንም መጭመቂያ ሌንስ ሰፊ ይሆናል፤ የፊልም ወጪም በግማሽ ይቀንሳል። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ዌስተርኖቹን የሠራው በዚህ ነው። ተራ፣ የማይጨምቅ ሌንስ ስለሆነ ዓይን ድረስ መጠጋት ይችላል። በዚያ ዘመን አናሞርፊክ ሌንስ እንዲያ ለመጠጋት ይቸገር ነበር። እነዚያ ስክሪን ሞልተው የሚፈጡ ዓይኖች የሌንሱም ውጤት ናቸው።

እኛ ሞባይልና ሚረርለስ ይዘን የምንዞር ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁላችንም የምንጠቀመው ይህንን መንገድ ነው። 3840 በ2160 የቀረጻችሁትን ወደ 2.39 ስትቆርጡ 3840 በ1607 ገደማ ይቀራል። ከምስላችሁ ሩብ ያህሉ ሄደ። ወርዱ አንዲት ፒክስል አልጨመረም። ቁመት ነው የሸጣችሁት። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ምክንያቱም የተቆረጠው ነገር ፋይሉ ውስጥ አለ። ኤዲት ላይ ምስሉን ወደ ላይም ወደ ታችም ማንሸራተት ትችላላችሁ። የሰው ጭንቅላት ትንሽ ከተቆረጠ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ አለቀ። አናሞርፊክ ይህን ዕድል አይሰጥም።

ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር። ከመቅረጻችሁ በፊት የፍሬም መስመሩን ካሜራው ላይ አብሩ፤ በኋላ በግምት መቁረጥ ለራስ ይሉኝታ ማጣት ነው። ኤዲት ስታደርጉ ጥቁሩን ለማየት የሚያስችል ቅንብር ተጠቀሙ፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ "አውትፑት ብላንኪንግ" ይባላል። ስታወጡት ግን ጥቁሩን ከምስሉ ጋር አታትሙት፤ ፋይሉን ራሱን 3840 በ1608 አድርጋችሁ አውጡ። ብዙ ያሁኑ ሞባይሎች 20:9 አካባቢ ናቸው፤ 2.22 ማለት ነው። ጥቁር የታተመበት 16:9 ቪዲዮ እዚያ ላይ ሲከፈት በአራቱም በኩል ጥቁር ይከበዋል። በትክክለኛው ቅርጽ ከወጣ ግን ስክሪኑን ሊሞላው ምንም አይቀረውም።

ቲቪ መሃል ላይ ሲገባ

ሰፊ ፊልም በ4:3 ቲቪ ላይ ማሳየት የግድ ሲሆን ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ ሌተርቦክስ ነው፤ ሙሉውን አሳይቶ ከላይና ከታች ጥቁር መተው። ሌላው "ፓን ኤንድ ስካን" ነው፤ ስክሪኑን ሞልቶ ጎኑን መቁረጥ። 2.35 የነበረውን ወደ 1.33 ስታመጡ 43 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ግራና ቀኝ ቆመው የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ካሉ አንዱ ከፍሬም ይወጣል። ወይ ምስሉ ዳይሬክተሩ ባላዘዘው መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ወይ አንድ የነበረው ሾት ሁለት ሆኖ ይቆረጣል። ተመልካቹ ግን ስክሪኑ ስለሞላ ሙሉውን ያየ ይመስለዋል።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በአናሞርፊክ ወይም በ65 ሚሊሜትር የተቀረጸ ፊልም በ4:3 ሲሞላ የግድ ጎኑን አጥቷል። በመቁረጥ ለ1.85 የተሠራ ፊልም ከሆነ ግን 4:3ው ቅጂ የተሸፈነውን ከላይና ከታች ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ኦፕን ማት ይሉታል። ያኔ የቲቪው ቅጂ ከሲኒማው የበለጠ ያሳያል። ይሁንና መብለጡ በጎ ነው ማለት አይደለም። ተንጠልጥሎ የሚታይ ማይክሮፎን ወይም መሬት ላይ የተዘረጋ የካሜራ ሐዲድ አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ 16:9 ከየት መጣ? በ1980ዎቹ ለኤችዲ ቲቪ መለኪያ ሲፈለግ የፊልምና የቲቪ ኢንጂነሮች ማኅበር ውስጥ የነበረው ከርንስ ፓወርስ ሐሳቡን አቀረበ። በጊዜው የነበሩትን ቅርጾች የቆዳ ስፋታቸው (ወርድ ሲባዛ በቁመት) እኩል እንዲሆን አድርጎ መሃላቸውን አንድ ላይ ደራረባቸው። ሁሉንም የሚያቅፈው የውጭ አራት ማዕዘን 1.77 ገደማ ሆነ። ሁሉም የሚጋሩት የውስጡም እንዲሁ። ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጋ 16:9 ነው።

ይህን በእጄ ካሰላሁት በኋላ ነው የጣመኝ። 4:3 ፊልም 16:9 ስክሪን ላይ ሲቀመጥ 75 በመቶውን ይሸፍናል። 2.39 ሲቀመጥ 74 በመቶ አካባቢ ይሸፍናል። አንዱ ጥቁሩን ጎን ላይ፣ ሌላው ከላይና ከታች ይወስዳል፤ ኪሳራቸው ግን እኩል ነው። ስለዚህ 16:9 የማንም ፊልም ቅርጽ አልነበረም። ሁሉንም እኩል የሚያስቀይም ሽምግልና ነው።

ሆኖም አንድ የተገላበጠ ነገር አለ። ጥሩ ሲኒማ ቤት ውስጥ ስኮፕ ሲጀምር መጋረጃው ወደ ጎን ይከፈታል፤ ቁመቱ ሳይነካ ምስሉ ይሰፋል። ቲቪ ላይ ግን ያው ስኮፕ ቁመቱን አጥቶ ከ1.85 ያነሰ ምስል ይሆናል። ሊያስደምም የተፈጠረው ቅርጽ ሳሎን ውስጥ ትንሹ ሆነ። አንዳንድ አዲስ ሲኒማ ቤቶችም ለስኮፕ ከላይ ወደ ታች የሚሸፍኑት እንደ ቲቪ ነው፤ አልወደውም። ዲጂታሉም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የ2ኬ ሲኒማ ፋይል ለፍላት 1998 በ1080፣ ለስኮፕ 2048 በ858 ነው። ስኮፑ በፒክስል ብዛት ያንሳል።

ከ4:3 ወደ 16:9 በተሸጋገረበት ጊዜ ጣቢያዎች 14:9 የሚባል መሃል ቤት ቅርጽ ሲጠቀሙም ነበር። ለማንም ያልተመቸ ነገር ነው፤ እንለፈው። ዛሬ የሚያናድደኝ የድሮ 4:3 ተከታታይ ድራማዎችን ወደ 16:9 መቁረጥ ነው። ከቁመቱ ሩብ ይሄዳል። ቀልዱ ፍሬሙ ታች ላይ ከነበረ ቀልዱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቲቪው ራሱ ምስሉን እንዲለጥጥ መተው ነው። ሪሞታችሁ ላይ የምስል መጠን የሚል ቅንብር ፈልጉ። "ዙም" ወይም "ስትሬች" ላይ ካለ ወደ ኦሪጅናሉ መልሱት። ፊቱ የሰፋ ዜና አንባቢ አይቶ ምንም የማይመስለው ሰው ብዛቱ ይገርመኛል።

ወርዱን ምን ላድርገው?

ቁጥሩን ካወቅሁ በኋላ ልምምዱ ላይ ገባሁ። አንዱን ንግግር በ4:3፣ በ16:9 እና በ2.39 ፍሬም ቀርጬ አነጻጸርኩ። ተዋናዮቹም ቦታውም አልተቀየሩም።

4:3 ለፊት የተሠራ ይመስላል። አንድ ፊት መሃል ላይ ሲቀመጥ ፍሬሙ ሞልቶ ሌላ የሚታይ ነገር አይኖርም። 2.39 ላይ ያው ፊት ሲሞላ ግንባሩ ወይም አገጩ ይቆረጣል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያንን ባዶ ቦታ አንድ ነገር መስጠት ግድ ነው። በር፣ መስኮት፣ ዝም ያለ ሁለተኛ ሰው። ሳይታሰብበት ከቀረ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ቁመት ያለው ነገርም ያስቸግራል። ቆሞ ያለ ሰው ከራስ እስከ እግር ስኮፕ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይሆናል። ዛፍ፣ ፎቅ፣ ደረጃ ሁሉ ይጎዳሉ። ጠረጴዛ፣ የተኛ ሰው፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ደግሞ ይመቻቸዋል።

ትልቁ ለውጥ ያለው ኤዲቱ ላይ ነው። 4:3 ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቆረጥኩ የማሳየውን ንግግር ስኮፕ ላይ ሁለቱንም ይዤ ሳልቆርጥ ማቆየት ቻልኩ። ተመልካቹ ማንን እንደሚያይ ራሱ ይመርጣል። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ከ1958 ጀምሮ በስኮፕ ሲሠራ ያደረገውን እዩት፤ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ የእያንዳንዱ ሰው ርቀት ትርጉም ያለው ሆኖ። ድምፁን አጥፍታችሁ ማን የበላይ እንደሆነ ከአቀማመጡ ብቻ መገመት ጥሩ ልምምድ ነው።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት 2 ለ1 ነው። ጣሊያናዊው የሲኒማቶግራፊ ባለሙያ ቪቶሪዮ ስቶራሮ በ1998 ለሲኒማም ለቲቪም አንድ ቅርጽ ይሁን ብሎ ያቀረበው ነው። በጊዜው ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ ስትሪሚንግ ሲመጣ ግን ተከታታይ ድራማዎች ተቀበሉት። ቲቪ ላይ ጥቁሩ ቀጭን ነው። 20:9 ሞባይል ላይም ጎኑ ላይ ጥቂት ብቻ ይቀራል። ፊትም ይችላል፤ ሁለት ሰውም ይችላል። ለምንሠራው አጭር ፊልም ከስኮፕ ይልቅ እሱን የምመርጥ ይመስለኛል፤ በተለይ ሌንሱ አናሞርፊክ ካልሆነ።

ሌላው ሥራ ከባዱ ነው። ያንኑ ቀረጻ ለ9:16፣ ማለትም ለቁም ሞባይልም ማውጣት። ከ2 ለ1 ፍሬም ውስጥ 9:16 ሲወጣ የሚተርፈው 28 በመቶ ብቻ ነው። የፓን ኤንድ ስካን ጣጣ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራው ላይ ሁለት መስመር አብርቼ፣ ዋናው ነገር በመሃለኛው ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲውል እያደረግሁ መሞከር ጀምሬያለሁ። እስካሁን የሚታየኝ መሃል ላይ የታጨቀ፣ ጎኑ ሥራ የፈታ ሰፊ ፍሬም ነው። ስለዚህ ለቁሙ ለብቻው መቅረጽ ይሻላል ወደሚለው እያዘነበልኩ ነው። በአንድ ቀረጻ ሁለቱንም ያወጣችሁ ካላችሁ መስመሩን እንዴት እንዳስቀመጣችሁ ጻፉልኝ።